የተጠገነ ራዲያተር ፔጆ 404 ላይ መልሶ መግጠም፦ አንዱ ቀዳዳ እምቢ አለኝ

ባለ404፦
ሰላም ለሁላችሁ። እ.ኤ.አ. የ1967 ፔጆ 404 አለችኝ፣ የአባቴ ነበረች። ራዲያተሯ ከታችኛው ታንክ መገጣጠሚያ ላይ ሲያንጠባጥብ ከረመና በመጨረሻ አውርጄ ለጥገና ሰጠሁት። ታንኮቹ ተነቅለው፣ ውስጡ ተጠርጎ፣ እንደገና ተበይዶ መጣልኝ። ብየዳው ንጹሕ ነው፣ በአየር ተፈትኖም አላፈሰሰም። ችግሩ መግጠሙ ላይ ነው። ሌሎቹ ማሰሪያዎች ልክ ቁጭ ይላሉ። ከታች በቀኝ ያለው ግን ከቦታው 4 ሚሊሜትር ያህል ሸሽቷል፣ ቡሎኑ ጥርሱን እንኳ አይነካም።

ጓደኛዬ «ካቻቪቴ አስገብተህ ፈልቅቀው፣ ቡሎኑ ከያዘ በኋላ ራሱ ይስተካከላል» ይለኛል። እኔ ግን እጄ እምቢ አለኝ። ትናንት ማታ በባትሪ ሳየው አዲሱ ብየዳ የሚያልቀው ልክ እዚያው ማሰሪያ አጠገብ ነው። ትንሽ ገፋ ሳደርገው ቀጭ የሚል ድምፅ የሰማሁ መሰለኝ፣ ወዲያው ለቀቅኩት። ምን ላድርግ? ቀዳዳውን በሞረድ ላስፋው? ደግሞስ የድሮዎቹን የውሃ ጎማዎች መልሼ ልጠቀም ወይስ ይቀየሩ? ከዚህ በፊት ራዲያተር ገጥሜ አላውቅም፣ መኪናዋን ደግሞ በጣም ነው የምወዳት።

ቆየት ያለ መካኒክ፦
ካቻቪቴውን አስቀምጠው ወንድሜ። እጅህ እምቢ ማለቱ ልክ ነው።

የዚህ ዘመን ራዲያተር መዳብና ናስ ነው፣ ታንኩና ቱቦዎቹ የተያያዙት በቆርቆሮና በእርሳስ ብየዳ ነው። ይሄ ብየዳ ውሃ እንዳያልፍ ይዘጋል እንጂ ጉልበት የለውም። ወጥረህ ብታስረው ዛሬ ምንም አይልህም። ከዚያ ሞተሩ ይንቀጠቀጣል፣ መንገዱ ያንገጫግጫል፣ ብረቱ ሲሞቅ ይለጠጣል ሲበርድ ይሰበሰባል፣ ከጥቂት ሳምንት በኋላ ያው ጥግ ላይ እንደ ፀጉር የቀጠነ ስንጥቅ ይወጣል፣ አንተም ጠጋኙን ትወቅሳለህ። እኔ በጥገናው ስህተት ነው ተብለው የመጡልኝ ብዙዎቹ ሲገጠሙ የተወጠሩ ነበሩ።

መጀመሪያ ጥፋቱ የማን እንደሆነ ለይ። ራዲያተሩን አውርደህ ጠፍጣፋ ጠረጴዛ ላይ አስተኛው። አራቱም ጥግ ጠረጴዛውን ይነካል? የሚወዛወዝ ከሆነ ተጣሟል። ቀጥለህ ከላይ ግራ እስከ ታች ቀኝ በሜትር ለካ፣ ከዚያ በተቃራኒው። ሁለቱ ልኬቶች እኩል ከሆኑ ራዲያተሩ ደህና ነው፣ የተጣመመው የመኪናዋ ፊት ነው። በዚህ ዕድሜ አንድ ቀን ከፊት ያልተነካ መኪና ብዙም የለም። ልዩነት ካለ ግን ሲበየድ ማሰሪያው ተንሸራቷል ማለት ነው፣ ለጠጋኙ መልሰህ ስጠው። ቤት ውስጥ ልበይደው የሚል ሰው እንዳይነካው፣ ምክንያቱም አንዱን ቦታ ስታሞቅ ሙቀቱ ሄዶ ጎረቤቱን ብየዳ ያቀልጠዋል። የሚሠራው ሰው ሌላውን በእርጥብ ጨርቅ ሸፍኖ ነው የሚያሞቀው።

ሞረድ የሚፈቀደው ጥፋቱ የመኪናዋ ከሆነ ብቻ ነው። ያኔ የአካሉን ቀዳዳ ትንሽ ወደ ጎን አስረዝመህ ሰፋ ያለ ሮንዴላ ታደርጋለህ።

ሰማያዊዋ፦
ከላይ በተባለው ሁሉ እስማማለሁ፣ ግን ማንም ስለ ቬንትሌተሩ፣ ከራዲያተሩ ጀርባ ስላለው ማራገቢያ፣ አላነሳም። እኔ አዲስ የተሠራ ራዲያተር በአንድ ሰከንድ ነው ያጣሁት። ሳስገባው አንድ የቬንትሌተር ምላጭ ጫፍ ኮሩን (ቱቦና ክንፍ ያለበትን መሃሉን) ፋቅ አደረገው፣ እነዚያ ቀጫጭን ክንፎች ተኝተው አንዱ ቱቦ ተበሳ። በጣም አዝኜ ነበር።

ስለዚህ ከማስገባትህ በፊት ወፍራም ካርቶን በኮሩ ልክ ቁረጥና ከጀርባው በክር እሰርለት። ራዲያተሩን ቀጥ አድርገህ ከላይ ወደ ታች አስገባ፣ ሁሉም ማሰሪያ በእጅ ተይዞ እስኪያልቅ ካርቶኑን አታውጣ። ከዚያ ቬንትሌተሩን በእጅህ ቀስ እያልክ ሙሉ ዙር አዙረው፣ እያንዳንዱን ምላጭ እያየህ። ሞተሩ ቆሞ ያለው ክፍተት ብቻ አይበቃም። ፍሬን ስትይዝ ሞተሩ ወደ ፊት ይገፋል፣ የሞተሩ መቀመጫ ጎማዎች ካረጁ ደግሞ ከምትገምተው በላይ ይሄዳል። ሞተሩን ይዘህ ነቅነቅ አድርገውና ምን ያህል እንደሚንቀሳቀስ እይ።

የ404 ቬንትሌተር በኤሌክትሪክ ማግኔት የሚያዝና የሚለቅ መሆኑንም አትርሳ። ሞተሩ ቀዝቃዛ ሳለ አይያዝም። ስታስነሳው እንደልቡ ሲዞር ወይም ሲዘገይ ብታየው አትደንግጥ፣ ሽቦው መሰካቱን ብቻ አረጋግጥ።

የውሃ ጎማዎቹን ቀይር። አውራ ጣትህንና ሌባ ጣትህን አድርገህ ጨመቅ አድርገው፣ ደረቅ ቅጠል ሲታሽ እንደሚያሰማው ኮሽ ካለ ወይም እንደ ሊጥ ከለሰለሰ አልቋል። ፋሼታዎቹንም (የጎማዎቹን ማጥበቂያ ቀለበቶች) አብረህ ቀይር፣ ግን ሲታሰሩ እንዳታከራቸው። የራዲያተሩ አንገት ስስ ናስ ነው፣ ይጨማደዳል።

አሮጌ ጎማ፦
ብዙ አታካብዱ። በውሃ ብቻ ስንት ዓመት ነድተናል። ሙላው፣ አስነሳው፣ ሂድ።

ቆየት ያለ መካኒክ፦
በዚህ ላይ አልስማማም፣ ጠያቂው እንዳይሳሳት ልንገረው። የ404 ቴስታታ (የሞተሩ የላይኛው ክዳን) አልሙኒየም ነው። ብሎኩ (ዋናው የሞተር አካል) ብረት፣ ራዲያተሩ መዳብ፣ ብየዳው እርሳስ። እነዚህን ሁሉ ተራ ውሃ ውስጥ አብረህ ስትነክር አንዱ ሌላውን ይበላል፣ ቀድሞ የሚበላው ደግሞ አልሙኒየሙ ነው። አንቲፍሪዝ ለብርድ ብቻ ይመስላል ሰው፣ ውስጡ ያለው የዝገት መከላከያ ግን ውርጭ የማያውቅ መኪናም ያስፈልገዋል። ለፍተሻ አንድ ቀን በውሃ ማስነሳት ምንም አይደለም፣ እኔም አደርገዋለሁ፣ ቢያፈስ ኩላንት (የአንቲፍሪዝና የውሃ ቅልቅሉ) አይባክንብህም። ከዚያ ግን ይውረድ።

ባለ404፦
በጣም ነው የማመሰግናችሁ። ለካሁት። ልዩነቱ 5 ሚሊሜትር ነው፣ ስለዚህ ጥፋቱ የማሰሪያው ነው። ለጠጋኙ ወስጄ ሳሳየው ምንም አልተከራከረም፣ እዚያው ቆሜ እያለሁ አስተካክሎ እንደገና በአየር ፈተነው። ሌላም ነገር አገኘሁ፦ ማሰሪያዎቹ ሥር የሚቀመጡት ጎማዎች አንዱ የለም፣ የቀሩትም እንደ ድንጋይ ደርቀዋል። አዲስ አደርጋለሁ። አሁን ከመሙላቴ በፊት ማወቅ ያለብኝ ነገር አለ?

ቆየት ያለ መካኒክ፦
አለ፣ ትልቁም ነገር እሱ ነው። የተጠረገ ራዲያተር ካልተጠረገ ሞተር ጋር እንዳታገናኝ። በዚህ ሞተር ውሃው ካሚቻዎቹን (ፒስተኖቹ የሚመላለሱባቸውን ሲሊንደሮች) በቀጥታ ነው የሚነካው፣ ዝገቱና ጭቃው ታች ካሚቻዎቹ ግርጌ ይከማቻል። ቴርሞስታቱን (ሲሞቅ የውሃውን መንገድ የሚከፍተውን ቫልቭ) አውጣ፣ የብሎኩን የውሃ ማውረጃ ቡሎን ፍታ። ፈትተኸው ምንም ካልወረደ ባዶ ነው እንዳትል፣ ተደፍኖ ነው፣ በሽቦ ውጋው። ከዚያ ከላይ በጎማ ውሃ ልቀቅበት፣ መጀመሪያ ቡና የመሰለ ይወርዳል፣ ጠርቶ እስኪወርድ አትተው። ይሄን ካላደረግህ ያ ሁሉ ጭቃ በመጀመሪያው ሳምንት አዲሱ ኮርህ ውስጥ ይገባል።

ስትሞላ የባህላዊውን ዓይነት፣ ለመዳብና ለብየዳ የሚስማማ ተብሎ የተጻፈበትን አንቲፍሪዝ ከተጣራ ውሃ ጋር እኩል በእኩል ቀላቅል። የሁለት ዓይነት ቅልቅል አታድርግ፣ ቀለሙን ብቻ አይተህም አትመን፣ ቀለም እንደ አምራቹ ይለያያል። ክዳኑ ላይ የተጻፈው ግፊት ለመኪናዋ የተመደበው ይሁን። አንዳንዱ «ቶሎ እንዳይፈላ» ብሎ የአዲስ መኪና የ1 ባር ክዳን ያደርጋል። እውነት ነው፣ ግፊት ሲጨምር ውሃ የሚፈላበት ሙቀት ከፍ ይላል፣ በ0.5 ባር ተራ ውሃ ወደ 111 ዲግሪ ይጠጋል። ግን ያ ግፊት የድሮውን ታንክ መገጣጠሚያ ነው የሚገፋው፣ አሁን ያስጠገንከውን ማለት ነው።

ሰማያዊዋ፦
አየሩን ደግሞ በትዕግሥት አውጣ። ፊቷ ትንሽ ከፍ ባለ ቦታ ትቁም። የማሞቂያውን ቫልቭ ክፈት። በቀጭኑ ሙላ፣ እየሞላህ የላይኛውን ጎማ ደጋግመህ ጭመቅ፣ ጉድ ጉድ እያለ አረፋ ሲወጣ ታየዋለህ። አስነሳና ክዳኑን ሳትዘጋ ቆይ። መጀመሪያ የላይኛው ጎማ ቀዝቃዛ ነው፣ ቴርሞስታቱ ሲከፈት በአንዴ ይሞቃል፣ ደረጃውም ዝቅ ይላል። ጨምርና ክዳኑን ዝጋ። ከዚያ በኋላ ሞተሩ ትኩስ እያለ እንዳትከፍተው፣ በእንፋሎቱ ፊቱ የተቃጠለ ሰው አውቃለሁ።

ባለ404፦
ገጠምኩት! ከብሎኩ የወረደውን ብታዩት፣ ግማሽ ባልዲ ቀይ ጭቃ። ማውረጃው እንደተባለው ተደፍኖ ነበር። አዳዲሶቹን ጎማዎች ከሥር አድርጌ ራዲያተሩን ሳስቀምጠው ሁሉም ቡሎን በጣት ብቻ ገባ፣ ቁልፍ የነካሁት ለመጨረሻው ማጥበቂያ ነው። ካርቶኑን ሳወጣው ጀርባው ላይ የቬንትሌተር ጭረት አለበት፣ ያ ጭረት ኮሩ ላይ ሊሆን ነበር።

በተራ ውሃ አስነስቼ የሙቀት መለኪያው ከመሃል ሳያልፍ ቆየ፣ ቬንትሌተሩም ሲሞቅ ያዘ። ከዚያ አውርጄ በኩላንት ሞላሁት። ማታ ከታች በቀኝ ጥግ ሥር ነጭ ወረቀት አነጠፍኩ። ጠዋት ከምንም ነገር በፊት ሄጄ አየሁት፣ ደረቅ ነው። ደረጃው ግን አንድ ብርጭቆ ያህል ወርዶ ነበር፣ ይሄ አየሩ ነው ወይስ ልጨነቅ?

ሰማያዊዋ፦
አየሩ ነው። ጨምርበት። ነገም ከነገ ወዲያም ቀዝቅዛ ሳለች ክፈትና እይ፣ ሦስተኛው ቀን ካልወረደ አልቋል።