ኤጀንሲ የሚበላው ከማን ነው? ግማሽ ደሞዝ ተጠየቅኩ

ጀማሪ አካውንታንት፦
ሰላም ቤቶች። በአካውንቲንግ ተመርቄ ሥራ እየፈለግኩ ነው። መገናኛ አካባቢ ያለ አንድ ኤጀንሲ ለምዝገባ 500 ብር ተቀበለኝ። አሁን ደውለው አንድ አስመጪ ጋ በ12,000 ብር ቦታ አለ አሉኝ። ግን የመጀመሪያ ወር ደሞዝህን ግማሽ ለኛ ትከፍላለህ፣ እሱን ፈርም ይላሉ። ጓደኛዬ «እነሱ እኮ ከድርጅቱም ይቀበላሉ» አለኝ። እውነት ነው?

የቀድሞ የኤጀንሲ ሠራተኛ፦
ጓደኛህ ልክ ነው ወንድሜ፣ ከሁለቱም ወገን የሚቀበል አለ። እኔ ኤጀንሲ ውስጥ ሠርቼ ስለወጣሁ ሒሳቡን ልንገርህ።

የኤጀንሲ ደንበኛ ድርጅቱ ነው። «አካውንታንት ፈልጉልኝ» ብሎ ውል ይፈርማል፣ ሰው ሲቀጥር ኮሚሽን ይከፍላል። እኛ ቤት ኮሚሽኑ የተቀጣሪው የአንድ ወር ደሞዝ ነበር። ብዙ ሰው ለሚወስድ ይቀነስለታል። ሰው ካልተቀጠረ አምስት ሳንቲም የለም። ሲቪ ስንልክ ስንልክ ሰንብተን፣ ባለቤቱ የእህቱን ልጅ ቀጥሮ ቁጭ ይላል።

ውሉ ላይ ደግሞ ምትክ የሚባል ነገር አለ። ሠራተኛው በሙከራ ጊዜው ከለቀቀ ኤጀንሲው በነፃ ሌላ ሰው ያመጣል። የሙከራ ጊዜ በአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ 1156/2011 ከ60 የሥራ ቀን አይበልጥም። ስለዚህ በተቀጠርክ ሰሞን እየደወሉ «ሥራ ተመቸህ?» ሲሉህ ናፍቀውህ እንዳይመስልህ። 60ው ቀን ካለፈ ስልኩም ይጠፋል።

ታዲያ ሥራ ፈላጊውን ማስከፈል ከየት መጣ? ትንንሽ ድርጅቶች ኮሚሽን አንከፍልም ይላሉ። በር ላይ ወረቀት ብለጥፍ ሰው ይሰለፍልኛል ነው መልሳቸው። ኤጀንሲው ደግሞ የቢሮ ኪራይ አለበት። የቸገረው ሰው ስለማይከራከር ወደሱ ዞሩ። ያው አዋጅ ግን የግል ኤጀንሲን ሲተረጉም ከሠራተኛው በቀጥታም በተዘዋዋሪም ሳይቀበል የሚሠራ ነው ይላል። ኢትዮጵያ በ1991 ዓ.ም. ያጸደቀችው የዓለም ሥራ ድርጅት ስምምነት ቁጥር 181ም መነሻው ይኸው ነው።

ከግማሽ ደሞዙ ይልቅ እኔን የሚያናድደኝ ምዝገባው ነው። ግማሽ ደሞዝ የሚቀበለው ቢያንስ አንተ እስክትቀጠር ይሠራል። በምዝገባ የሚኖረው ግን ማንንም ማስቀጠር አይጠበቅበትም። በቀን ሃያ ሰው ቢመዘገብ 10,000 ብር ነው፣ ሥራ ተገኘም አልተገኘም። ሰሌዳው ላይ ያው ማስታወቂያ ወሩን ሙሉ ከተሰቀለ እዚያ ቤት አትቆይ።

ጥበቃ ነኝ፦
የናንተስ አንዴ ነው። የኛ በየወሩ ነው። የምጠብቀው ሕንፃ ለኤጀንሲው በሰው ሒሳብ ይከፍላል፣ ኤጀንሲው የራሱን አንስቶ የቀረውን ለኔ ይሰጣል። ሕንፃው ስንት እንደሚከፍል የሚነግረኝ የለም። በወረቀት አሠሪዬ ኤጀንሲው ነው፤ ዓመት ፈቃዴንም የምጠይቀው እሱን ነው። ከደሞዜ ለጡረታ 7 በመቶ ይቆረጣል፣ 11 በመቶውን መጨመር ያለበትም ኤጀንሲው ነው። ገቢ አድርጎልህ እንደሆነ ሳይዘገይ ጠይቅ። አንዳንዱ ይቆርጥና ዝም ይላል።

ከሪያድ፦
ዓረብ አገር ለሚመጡ እህቶች ልጨምር። በውጭ አገር ሥራ ስምሪት አዋጅ 923/2008 ቪዛው፣ የደርሶ መልስ ትኬቱ፣ የሥራና የመኖሪያ ፈቃዱ፣ ኢንሹራንሱ የአሠሪው ወጪ ነው። የአዲስ አበባው ኤጀንሲ ገንዘቡን የሚያገኘው እዚህ ካለው መክተብ (የዓረቦቹ ሠራተኛ አስቀጣሪ ቢሮ) ነው፣ መክተቡ ደግሞ ከማዳሟ። ማዳም «ገዝቼሻለሁ» ብላ የምትጮኸው ለዚህ ነው። እዚህም ምትክ አለ። ልጅቷ በመጀመሪያዎቹ ሦስት ወራት ከወጣች መክተቡ ይከስራል። ስለዚህ ደውላ ብታለቅስ «ታገሺ፣ ይለመዳል» ይሏታል። ቤተሰብ ይህን ይወቅ።

ጀማሪ አካውንታንት፦
እግዜር ይስጥልኝ። አንድ ነገር ረስቼ፣ ግማሽ ደሞዙን እስክከፍል ኦሪጅናል ዲግሪህ እኛ ጋ ይቀመጥ ብለዋል። ልስጣቸው?

የቀድሞ የኤጀንሲ ሠራተኛ፦
እንዳትሰጥ! ኦሪጅናሉን አሳይ፣ ኮፒውን ስጥ፣ ኦሪጅናሉን ይዘህ ውጣ። ክርክር ቢነሳ ያንን ወረቀት መያዣ ያደርጉብሃል። ከመፈረምህ በፊት ደግሞ አስመጪው ቢሮ ሄደህ የሰው ኃይል ክፍሉን «ለኤጀንሲው ኮሚሽን ትከፍላላችሁ?» ብለህ ጠይቅ። እንከፍላለን ካሉህ ያንን ለኤጀንሲው ንገር። ብዙ ጊዜ ወዲያው ድምፃቸው ይለሰልሳል። አይ፣ ያለ ግማሽ ደሞዝ አይሆንም ካሉም ብሩን በደረሰኝ፣ ደሞዝህ እጅህ ከገባ በኋላ። የምዝገባውንስ ደረሰኝ ሰጥተውህ ነበር?