ሞተር መጋዝ የሚለምድ ልጅ መከላከያ ሱሪ ሳይኖረው መጋዝ ይጨብጥ?

መነሻ፦ ባሕር ዛፍ ቆረጣ የሚለመደው ከነባር ቆራጮች ሥር ነው። ብዙዎቹ ግን ሸበጥ አድርገው ነው የሚሠሩት፣ የራስ ቁር የሚባል ነገር የላቸውም። ልጁ እንደነሱ ይጀምር ወይስ ዕቃው እስኪገዛ ይቆይ?

እንጨት ነጋዴ፦ ይጀምር እንጂ! ዛፉ ወዴት እንዳጋደለ፣ ቅርንጫፉ በየት በኩል እንደከበደ ሱሪ አይነግረውም። ደግሞ ያ ወፍራም ሱሪ በቆላ ሙቀት ሰው ያዝላል፤ የዛለ ሰው ይስታል።

መጋዝ ጠጋኝ፦ ዛፍ ማየቱን ከነሱ ይማር። ሞረዱን ግን አደራ! ሰንሰለቱ ቶሎ እንዲበላ ብለው ከጥርሱ ፊት ያለችውን ጉብታ አለቅጥ ይሞርዷታል። በአብዛኛው ሰንሰለት ከጥርሱ ጫፍ 0.65 ሚሊ ሜትር ገደማ ብቻ ነው ዝቅ ማለት ያለባት። ከዚያ ካለፈ ጥርሱ ከአቅሙ በላይ ይነክሳል፤ የባሩ (ሰንሰለቱ የሚዞርበት ረጅም ብረት) ጫፍ የላይኛው ሩብ እንጨት ሲነካ መጋዙ ወደ ቆራጩ ፊት ተስፈንጥሮ የሚመጣውም ያን ጊዜ ይብሳል። እዚህ ላይ ሱሪ አያድንም፣ የሰንሰለቱ ፍሬን እንጂ። ፍሬኑ የተነቀለ መጋዝ ለማንም አይሰጥ።

የደን ባለሙያ፦ ሱሪው ለእግር ነው። ውስጡ ረጃጅም ክር አለ፤ ሰንሰለቱ ጨርቁን ሲቀደው ክሩ ተጎትቶ ስፕሮኬቱ (ሰንሰለቱን የሚያዞረው ጥርሳም ክብ ብረት) ላይ ይጠመጠምና ያቆመዋል። ጂንስ ሁለት ቢደረብ ይህን አያደርግም። አንዴ መጋዝ የቀደደው ሱሪ ደግሞ ተሰፍቶ አይለበስም።

እንጨት ነጋዴ፦ በማን ገንዘብ?

የደን ባለሙያ፦ መጋዙን የገዛው ይግዛ። እስከዚያ ልጁ ሥራ አያጣም፦ ለ5 ሊትር ቤንዚን 100 ሚሊ ሊትር የባለ ሁለት ምት ሞተር ዘይት ይቀላቅል (የዘይቱ ዕቃ ሌላ ካላለ)፣ ይሞርድ፣ ማምለጫ መንገድ ይመንጥር። ሲቆረጥ የዛፉን ቁመት እጥፍ ርቆ ይይ። ወደ መውደቂያው ያጋደለ ባሕር ዛፍ ግን ለጀማሪ አይሰጥም፣ ሙሉ ዕቃ ቢለብስም። ከኋላ ዝም ብሎ ከተቆረጠ ግንዱ ወደ ላይ ተሰንጥቆ ቆራጩን ይመታል። በመውደቂያው በኩል የውፍረቱን ሩብ አፍ ከፍቶ፣ ዛፉ ሲወድቅ ማጠፊያ የሚሆነውን አንድ አሥረኛ ሳይቆርጡ ትቶ፣ ባሩን ከማጠፊያው ጀርባ ወግቶ ወደ ኋላ መቁረጥ፤ ከኋላ የተረፈችው ማሰሪያ በመጨረሻ ትቆረጣለች። ሲወጋ በጫፉ የታችኛው ጥግ ይጀመራል።

እንጨት ነጋዴ፦ ይሁን። የጆሮ መሸፈኛው ግን ግንዱ ሲንቋቋ እንዳይሰማ ያደርገዋል።

መጋዝ ጠጋኝ፦ ሞተሩ እየጮኸ ማን ይሰማል? ዓይኑን መጋዙ በገባበት ስንጥቅ ላይ ያድርግ። ስንጥቁ መስፋት ሲጀምር ፍሬኑን ይዞ ወደ ኋላ በሰያፍ ይውጣ።