የመስከረሙ የጋራ ሥራችን፦ ረቂቁ ላይ ሐሳባችሁን ጨምሩ

አስተባባሪ፦
ሰላም ወገኖች። እስካሁን የተስማማነው ይኼ ነው። በመስቀል በዓል ሰሞን እንጦጦ እንወጣለን። አደይ አበባ መሀል ነጠላ የለበሱ ሰዎችን በፊልምም በዲጂታልም እናነሳለን። ከዚያ ጎን ለጎን አትመን እናሳያለን። ድጋፍ የምንጠይቅበት ማመልከቻ ግን «የቱ ያምራል?» ብሎ ብቻ ሊቆም አይችልም። ምን እንበል?

ፊልም የሚያነሳው፦
ፊልሙ ዋና ይሁን። ፖርትራ 400 (የኮዳክ የቀለም ፊልም) ላይ የጠይም ሰው ፊት ሙቀቱ ደስ ይላል። ደግሞ ኔጋቲቭ (ፎቶው የሚታተምበት ፊልም) ብርሃን ሲበዛበት ይታገሣል። ዲጂታል ላይ ነጩ አንዴ ከነደደ አለቀ፣ አይመለስም። የእንጦጦ ፀሐይ ላይ ነጠላ ያነሳ ያውቀዋል፤ ክሩ ጠፍቶ ወረቀት ይመስላል።

ዲጂታል የምታነሳው፦
ወንድሜ፣ ሙቀቱን የሰጠህ ፊልሙ ብቻ አይደለም። የቀለም ኔጋቲቭ በእጅህ ስትይዘው ብርቱካናማ ነው። ስካን የሚያደርገው ሰው ነው ቀለሙን የሚጨርሰው። ያንኑ ጥቅል ሁለት ቦታ ስካን አስደርግ፣ ሁለት ዓይነት ፊት ታገኛለህ። የእኔ ካሜራም ቢሆን እውነቱን ብቻ አያይም። ብርሃን የሚቀበለው ሴንሰሩ ላይ ካሉት የቀለም ማጣሪያዎች ግማሹ አረንጓዴ ነው፤ ቀይና ሰማያዊ ሩብ ሩብ ይካፈላሉ። የጎደለውን ሶፍትዌሩ ገምቶ ይሞላል። ስለ ነጠላው ግን ልክ ነህ። እኔ ለነጩ ብዬ ብርሃኑን እቀንሳለሁ፣ አንተ ለፊቱ ብለህ ጨምር። ይኼ ማመልከቻው ውስጥ ይግባ።

ጋሼ (የድሮ ስቱዲዮ)፦
ልጆቼ፣ አንድ ነገር ልንገራችሁ። አንድ ሠርግ አነሳሁ። ሙሽራዋ ቀይ፣ ሚዜዋ ጥቁር። ታጥቦ ሲመጣ ሙሽራዋ አምራለች፤ ሚዜዋ ዓይንና ጥርስ ብቻ ሆናለች። እናቷ መጥተው «ልጄን የት ጣልካት?» አሉኝ። መልስ አልነበረኝም። ዓመታት ሙሉ ጥፋቱ የእኔ ብቻ መስሎኝ ኖርኩ። በኋላ ነው የገባኝ። ኮዳክ ለፎቶ ማተሚያ ቤቶች ይልከው የነበረው የቀለም መለኪያ «ሸርሊ ካርድ» ይባል ነበር። ካርዱ ላይ የነበረችው ነጭ ሴት ናት። ማሽኑ የሚስተካከለው በእሷ ቆዳ ነበር። ቡናማ ቀለም እንዲሻሻል ከገፋፉት መካከል ደግሞ የቸኮሌትና የእንጨት ዕቃ አምራቾች ነበሩ፤ ዕቃቸው ፎቶ ላይ በትክክል አልወጣ ብሏቸው። የተለያየ ቆዳ ያላቸው ሴቶች ካርዱ ላይ የመጡት እ.ኤ.አ. በ1990ዎቹ ነው።
ስለዚህ እኔ የምለው፣ የራሳችንን መለኪያ እንሥራ። ቀይ፣ የቀይ ዳማ፣ ጠይም፣ ጥቁር። ቋንቋችን ስም ከሰጣቸው ቆይቷል እኮ!

ዲጂታል የምታነሳው፦
ጋሼ፣ እግዜር ይስጥልኝ። ማመልከቻው ይኼ ነው! አራት ሰው፣ አንድ ነጠላ፣ ቀለም የሚመዘንበት ባለ 24 ቀለም ካርድ አጠገባቸው። ፊልሙም ዲጂታሉም በዚያ ይዳኝ።

ፊልም የሚያነሳው፦
ተስማማሁ፣ «ፊልሙ ዋና» ያልኩትን አንስቻለሁ። እንጦጦ ከ3,000 ሜትር በላይ ስለሆነ ጥላው ሰማያዊ ይላል፤ አልትራቫዮሌት ማጣሪያ እንያዝ። ባለ 36 ስድስት ጥቅል ፊልም ይበቃል፣ 216 ፎቶ ነው። ከውጭ የሚያመጣልን ሰው ሻንጣ ውስጥ እንዳይከተው፣ በእጁ ይያዝ። ኤርፖርት ላይም በእጅ እንዲፈተሽለት ይጠይቅ፤ አዲሶቹ መፈተሻ ማሽኖች ፊልም ያበላሻሉ። እኔ አጥባለሁ። ምስሉን የሚያወጣው ኬሚካል 38 ዲግሪ ላይ መቆየት አለበት፣ ለ3 ደቂቃ ከ15 ሰከንድ። ቴርሞሜትር በጀቱ ውስጥ ይግባ።

አስተባባሪ፦
ገብቷል። ረቂቁን ዛሬ ማታ አስተካክላለሁ። ጋሼ፣ የሚዜዋ ኔጋቲቭ እርስዎ ጋ አለ?

ጋሼ፦
አለ። አልጣልኩትም።

ዲጂታል የምታነሳው፦
ኔጋቲቩ ላይ ፊቷ ሊኖር ይችላል፤ የጠፋው ሲታተም ይሆናል። እንደገና ስካን ላድርገው?

ጋሼ፦
መጀመሪያ እሷን ልጠይቃት። ቤቷን አውቀዋለሁ።