ቤንግት ዴኒስ እና የስዊድን 500% ወለድ፦ ማን ከፈለው? ለምንስ አልበቃም?

ጣና፦
ሰላም የቤቱ ሰዎች። የስዊድን ማዕከላዊ ባንክ (ሪክስባንክ) ገዥ የነበሩት ቤንግት ዴኒስ የአገሪቱን ገንዘብ፣ የክሮናን፣ የታሰረ የምንዛሪ ተመን ለመከላከል ሴፕቴምበር 16፣ 1992 (በአውሮፓ አቆጣጠር) ወለዱን 500% አደረሱት፤ ኖቬምበር 19 ላይ ግን ተመኑን ትተው ክሮናን ለገበያ ለቀቁት። ያንን ወለድ ማን ነው የከፈለው? የቤት ብድር ያለበት ሰው ነው? እንዲያ ከጨከኑስ በኋላ ለምን ተሸነፉ?

የቁጥር ሰው፦
የቤት ብድር ወለድ አይደለም። 500% የማርጂናል ወለዱ ነው፤ ባንኮች በቀኑ መጨረሻ የጎደላቸውን ክሮና ከሪክስባንክ ለአንድ ሌሊት ሲበደሩ የሚከፍሉት። የታለመው ክሮና ተበድሮ የጀርመን ማርክ ገዝቶ፣ ክሮና ሲረክስ በትርፍ ዕዳውን ለመክፈል የሚጠብቀው ሰው ነው።

ስሌቱን እየው። 500% ለ360 ቀን ሲካፈል በቀን 1.39% ገደማ ይሆናል። 100 ሚሊዮን ክሮና የተበደረ በሳምንት 9.7 ሚሊዮን ያህል ወለድ ይወጣዋል፤ ክሮና በዚያው ሳምንት 10% ገደማ ካልወደቀ ከሰረ ማለት ነው። ሴፕቴምበር 9 ላይ የተጣለው 75% ግን በሳምንት 1.5% እንኳ አይሞላም። 10% ትርፍ የሚጠብቅ ሰው ለዚያ ብሎ አያፈገፍግም። ቁጥሩ የእብደት የሚመስለው በዓመት ስለሚነገር ነው።

ብሌን፦
ስሌቱ ልክ ነው፤ ሆኖም ከፍተኛ ወለድ ጊዜ ይገዛል እንጂ የታሰረ የምንዛሪ ተመን አያድንም። ስዊድን ሜይ 1991 ላይ ክሮናን ከኢኪዩ (ከዩሮ በፊት ከነበረው የአውሮፓ የጋራ የገንዘብ መለኪያ) ጋር ያሰረችው በራሷ ውሳኔ ነው። አባል አገሮች የገንዘባቸውን ተመን አስረው እርስ በርስ የሚደጋገፉበት የአውሮፓ የምንዛሪ ሥርዓት አባል ስላልነበረች፣ ሌሎች ማዕከላዊ ባንኮች ክሮና እየገዙ የመደገፍ ግዴታ አልነበረባቸውም። ፊንላንድ ሴፕቴምበር 8 ማርካዋን ለቀቀች፤ እንግሊዝ ደግሞ ልክ በ500%ው ቀን ከሥርዓቱ ወጣች።

ዋናው ድካም ግን አገር ውስጥ ነበር። ኖርድባንከንና ጎታ የተባሉት የስዊድን ባንኮች በተበላሸ ብድር ወድቀው ነበር፤ መንግሥትም ሴፕቴምበር 24 የባንኮችን ግዴታ በሙሉ ዋስ ሆነ። ወለዱ ከፍ ብሎ በቆየ ቁጥር የእነዚሁ ባንኮች ተበዳሪዎች ይወድቃሉ። ገበያው ይህን ስለሚያውቅ ወለዱ እስኪወርድ ጠበቀ። መንግሥትና ተቃዋሚው ሶሻል ዴሞክራቶች በሴፕቴምበር በሁለት የቁጠባ እርምጃዎች ተስማምተው ገበያውን አረጋግተው ነበር፤ በኖቬምበር ሦስተኛ ስምምነት ሲጠፋ ገንዘቡ መውጣት ጀመረ።

ሐምሌ፦
ጣና ወንድሜ፣ ዴኒስን በ1992 ብቻ መመዘን ልክ አይመስለኝም። ጋዜጠኛ ነበሩ፤ ዳገንስ ኒሄተር የተባለውን ጋዜጣ በዋና አዘጋጅነት መርተው በ1982 ገዥ ሆኑ። ለእኔ ከ500%ው ይልቅ የሚከብደው የኖቬምበር 1985 ውሳኔ ነው፦ የባንኮች የብድር ጣሪያ ተነሣ። የምንዛሪ ተመኑ እንደታሰረ፣ ለተበዳሪ የሚጠቅመው የታክስ ሕግም እንዳለ ነበር። ባንኮች ለገበያ ድርሻ ተሽቀዳድመው አበደሩ፤ ብዙው ወደ ቢሮ ሕንፃ ገባ። የ1989 የውጭ ምንዛሪ ቁጥጥር መነሣት ሲጨመርበት፣ ገንዘቡ ያለ ከልካይ የሚወጣበት በር ተከፈተ። ማሻሻያው ትክክል ነበር፤ ቅደም ተከተሉ ነው የጎዳቸው።

ክሮና ከተለቀቀ በኋላም ሥራቸውን አልጣሉም። ጃንዋሪ 1993 ሪክስባንክ ከ1995 ጀምሮ የዋጋ ንረትን 2% ላይ ለመያዝ ግብ አወጀ። በዓመቱ መጨረሻ ለኡርባን ቤክስትሮም አስረክበው ሄዱ።