ደሞዙ ውስጥ የ40 ሰዓት ትርፍ ሰዓት «ተካቷል» ይላል፤ የጃፓን የቅጥር ደብዳቤ እንዴት ይነበባል?

ማህሌት_መካኒካል፦
ሰላም ለሁላችሁ። ናጎያ አካባቢ ካለ የመኪና ዕቃ አምራች የመጣ የቅጥር ደብዳቤ ነው፤ ሥራው በፈረንጆች ኤፕሪል 1 ይጀምራል። «የወር ደሞዝ 288,750 የን፤ ከዚህ ውስጥ 68,750 የን የ40 ሰዓት ቋሚ የትርፍ ሰዓት ክፍያ» ይላል። በየወሩ 40 ሰዓት ትርፍ መሥራት ግዴታ ነው ማለት ነው? ከዚያ በላይ ከተሠራስ? ስለ ፈቃድና ስለ ሪፖርት አቀራረብ የምታውቁም ጨምሩልኝ። «ጃፓኖች ሥራ ይወዳሉ» የሚለውን ግን ተዉት፣ ጠግበነዋል።

ውል_አንባቢ፦
ትልቁን ቁጥር እርሺው፤ መነሻ ደሞዝሽ 220,000 ነው። ቦነስም ብዙ ጊዜ የሚሰላው በመነሻው ነው።

መጀመሪያ ድርጅቱ በዓመት ስንት የዕረፍት ቀን እንዳለው ጠይቂ። 125 ከሆነ የሥራ ቀኑ 240 ነው፤ በ8 ሰዓት አባዝተሽ ለ12 ስታካፍዪው በወር 160 ሰዓት ይመጣል። 220,000 ለ160 ሲካፈል በሰዓት 1,375 የን። የትርፍ ሰዓት ጭማሪው ቢያንስ 25 በመቶ ስለሆነ 1,718.75 ይሆናል፤ በ40 ሲባዛ ልክ 68,750። የዕረፍት ቀኑ ከ125 ያነሰ ከሆነ የሰዓቱ ዋጋ ስለሚወርድ ሒሳቡን እንደገና ሥሪው።

40ውን ሰዓት ባትሞዪም ገንዘቡ አይቀነስም። 50 ከሠራሽ ደግሞ የ10ሩ ሰዓት 17,188 የን ግድም በላዩ መከፈል አለበት። ብልሹው አሠራር የሚጀምረው እዚህ ነው፤ የመግቢያና መውጫ ሰዓት መመዝገቢያ ካርዱን 18:00 ላይ አስመትቶ ሥራውን ማስቀጠል። «ሰርቪስ ዛንግዮ» ይሉታል። የገባሽበትንና የወጣሽበትን ሰዓት በየቀኑ በራስሽ ደብተር ያዢ። ያልተከፈለ ደሞዝ እስከ 3 ዓመት ወደኋላ ይጠየቃል፤ አቤቱታው የሚቀርበውም ሮዶ ኪጁን ካንቶኩሾ ለሚባለው የሠራተኛ ጉዳይ ተቆጣጣሪ ቢሮ ነው።

የትርፍ ሰዓት ጣሪያው በፈረንጆች ከ2019 ወዲህ (ለትንንሾቹ ድርጅቶች ከ2020) በወር 45፣ በዓመት 360 ሰዓት ነው። ልዩ ስምምነት ካለ በዓመት ለ6 ወር ብቻ 45ቱን ማለፍ ይቻላል፤ ያም ሆኖ በአንድ ወር 100 መድረስ፣ በዓመትም 720 ማለፍ ክልክል ነው። በወር ከ60 ሰዓት በላይ ያለው በ50 በመቶ ጭማሪ ይከፈላል።

የዓመት_ፈቃድ፦
ኤፕሪል 1 የገባ ሰው 10 ቀን ፈቃድ የሚያገኘው ኦክቶበር 1 ነው፤ ሕጉ 6 ወርና 80 በመቶ መገኘት ይጠይቃል። ስለዚህ እንቁጣጣሽም መስቀልም ፈቃዱ ሳይደርስ ያልፋሉ። ለገና ግን ይደርሳል፤ ከዓመት መጨረሻው ዕረፍት ጋር ስለሚቀራረብ በኖቬምበር ጠይቂ። ምክንያት የመናገር ግዴታ የለም፣ «ለግል ጉዳይ» ይበቃል። ከ10ሩ 5ቱን ሠራተኛው እንዲወስድ ማድረግ የአሠሪው ግዴታ ነው።

ሰው የሚደነግጠው በሕመም ፈቃድ ነው። በእኛ የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ 1156 የመጀመሪያው ወር ሙሉ ደሞዝ ይከፈላል። ጃፓን ሕጉ የሚከፈልበት የሕመም ፈቃድ አያስገድድም፤ ጉንፋን የያዘው ሰው የዓመት ፈቃዱን ይበላል። ሕመሙ ከረዘመ ከ3 ተከታታይ ቀን በኋላ፣ ከ4ኛው ቀን ጀምሮ፣ የጤና መድኑ ከደሞዙ 2/3 ያህሉን ይከፍላል።

መስመር_ሦስት፦
ሪፖርት ላይ ያበሻ ልጅ የሚወድቀው «ላስተካክለውና እነግራቸዋለሁ» ብሎ ነው። እዚያ ከብልሽቱ ይልቅ መዘግየቱ ያስቆጣል። መጀመሪያ የሆነውን፣ ቀጥሎ የወሰድሽውን እርምጃ፣ ከዚያ ጥያቄሽን፤ ሰበብ ካልተጠየቀ አይነገርም። እንዲህ፦

«10:20 ላይ 3ኛው ማሽን ካወጣቸው 120 ቁራጮች 7ቱ ጠርዛቸው ተሰንጥቋል። ማሽኑን አቁሜ 120ውንም ለብቻ አስቀምጫለሁ። ከእነሱ በፊት የወጡትም ይፈተሹ?»

(ሰዓቱ በእነሱ አቆጣጠር፤ 4:20 ብለሽ ከጻፍሽ ሌሊት ነው የሚመስላቸው።)

አዲስ ሐሳብ ካለሽ ስብሰባ ላይ አታፈንጂው። አስቀድመሽ የሚመለከታቸውን አንድ በአንድ አነጋግሪ፤ ስብሰባው ያለቀውን ማጽደቂያ ነው። «ኬንቶ ሺማስ»፣ እናየዋለን፣ ከተባልሽ አብዛኛውን ጊዜ እምቢ ነው።

ውል_አንባቢ፦
ተዉት ብትዪም አንድ ነገር ልበል። ሥራ መውደድ ሳይሆን አለቃ ሳይነሳ መነሳት ስለሚከብድ ነው ብዙው የሚያመሸው። በሰዓት ምርታማነት ጃፓን ከቡድን 7 አገሮች መጨረሻ ከሆነች ቆይታለች። ሥራሽን ከጨረስሽ ለጎረቤትሽ «የምረዳሽ አለ?» በያት፣ ከዚያ «ኦሳኪ ኒ ሺትሱሬይ ሺማስ»፣ ቀድሜ ስለምወጣ ይቅርታ፣ ብለሽ ውጪ። ዝም ብሎ ሹልክ ማለት ነው ነውሩ።

ማህሌት_መካኒካል፦
እግዜር ይስጥልኝ። መልቀቅ ቢመጣስ?

የዓመት_ፈቃድ፦
ውሉ የጊዜ ገደብ ከሌለው በሕግ 2 ሳምንት አስቀድሞ ማሳወቅ ይበቃል፤ የድርጅቱ ደንብ ብዙ ጊዜ 1 ወር ይላል፣ ሰላም ከፈለግሽ ወሩን ጠብቂ። በለቀቅሽ በ14 ቀን ውስጥ ኢሚግሬሽን ማሳወቅ አለብሽ፤ አዲሱ ቦታ ስትገቢም እንዲሁ። ይህን የዘነጋ ቪዛ ማደሻው ላይ ነው የሚያዘው።