ሚሲዮኑ የዘረጋው እጅ፦ እንጨብጠው ወይስ እንጠርጥረው?

የሽምብጥ ልጅ፦ ትናንት ቡና ላይ የተነሳ ጭቅጭቅ ነው፤ እዚህ ይለይለት። የካቶሊክ ሚሲዮኖች ለድሃው የሚሠሩት ሥራ፣ ክሊኒኩም ትምህርት ቤቱም የውኃ ጉድጓዱም፣ እሰየው ነው ወይስ ማባበያ? የተሳደበ ይወጣል።

የዳጋ ዘመድ፦ ማባበያ ነው። ጎርጎራ ሄዳችሁ ማርያም ግምብን አይታችኋል? ከኢየሱሳውያኑ፣ ከካቶሊክ ሚሲዮናውያኑ ዘመን የቀረ ፍርስራሽ ነው። ከነሱ አንዱ ፔድሮ ፓኤዝ በ1603 ሲመጣ (ዓመቶቹ በፈረንጅ ናቸው) ትሑት ነበር፤ ቋንቋችንን ተማረ፣ ከንጉሡ ከአፄ ሱስንዮስ ጋር ግሽ ዓባይ ድረስ ወረደ። እሱ ከሞተ በኋላ የካቶሊኩ ፓትርያርክ ሜንዴዝ በ1625 መጣ። ሕዝቡ እንደገና ይጠመቅ፣ ካህናቱ እንደገና ይካኑ አለ። ደም ፈሰሰ። በ1632 ካቶሊክ የሆኑት አፄ ሱስንዮስ ራሳቸው «ሃይማኖት ይመለስ፣ ፋሲል ይንገሥ» ብለው ዙፋኑን ለቀቁ። ካቶሊክን አልቀበልም ያለችውን ወለተ ጴጥሮስን ያሳደደው ማን ሆነና! እባብ ያየ በልጥ በረየ።

እታለም፦ ወንድሜ፣ በልጥ የበረየ ሰው ልጡን እባብ ነው ብሎ አይምልም እኮ። ያኔ ነገሩ የመጣው ከቤተ መንግሥት በአዋጅ ነው። የዛሬዎቹ ከተማችን ባሕር ዳር ውስጥ እፍኝ ናቸው። የባሕር ዳር ደሴ ሀገረ ስብከታቸው ራሱ የተቋቋመው በ2015 ነው፣ የቅዳሴ ሥርዓታቸውም የግእዝ ነው። ማሳደዱ ደግሞ ባንድ ወገን ብቻ አልነበረም። አባ ገብረ ሚካኤል የእኛው የጎጃም መነኩሴ ነበሩ፤ ካቶሊክ ሆኑ ተብለው በ1855 በእስር እንዳሉ ሞቱ። እሱንስ ማን ይቁጠረው?

የዳጋ ዘመድ፦ እሺ፣ እሱን ተቀበልኩ። ግን ስንዴና ስብከት ባንድ ሳህን ሲቀርብ ደስ አይለኝም።

ነርሷ፦ ያየሁትን ልናገር። አንድ የሚሲዮን ክሊኒክ ሠርቻለሁ፣ ስሙ ይቅር። አንዲት እናት ከዘጌ በጀልባ ልጇን ይዛ መጣች። አንገቱ ላይ ትልቅ እባጭ ነበር፤ ልክ ማተቡ የሚያርፍበት ቦታ። እኔ መቀሱን አነሳሁ። ቸኩዬ ነው፣ ሰልፉ በር አልፎ ነበር። ፈረንጇ ሲስተር እጄን ያዘችና «አይቆረጥም» አለችኝ በአማርኛ። ማተቡን ቀስ አድርጋ ወደ ትከሻው ሳበችው፣ በፕላስተር ለጠፈችው፣ ከዚያ እባጩን አጠበች። እናትየው ምንም አላለችም። ብቻ ነጠላዋን ወደ አፏ ወሰደች።

ግን ሁሉም እንደዚያ እንዳይመስላችሁ። የዚያኑ ቀን ካርድ ክፍል ያለው ልጅ ለዚችው ሴትዮ «ልጅሽን ትምህርት ቤት ማስገባት ከፈለግሽ እሁድ እዚህ ብትመጪ ይሻልሻል» ሲላት ሰማሁ። የእኛው ያገር ልጅ ነው። ተናደድኩ።

የዳጋ ዘመድ፦ ይኸው! ምን አልኩ?

መምህር፦ ያ ልጅ ያደረገው በካቶሊኮቹ ሕግም ያስወቅሳል። የሁለተኛው ቫቲካን ጉባኤ በ1965 ስለ ሃይማኖት ነፃነት ባወጣው መግለጫ፣ በተለይ ድሃውንና ያልተማረውን በማይገባ መንገድ መሳብን ከልክሏል። ጳጳሱ በነዲክቶስ 16ኛም በ2005 የፍቅር ሥራ ሰውን ሃይማኖት ማስቀየሪያ አይሁን ብለው ጽፈዋል። የእኛም ሕገ መንግሥት አንቀጽ 27 ማስገደድን ይከለክላል። ስለዚህ የዳጋው ልጅ፣ ስትከሳቸው በገዛ ሕጋቸው ክሰሳቸው። ሜንዴዝን ተዋቸው፣ ሰውየው 400 ዓመት ሆናቸው።

ባጃጅ፦ እናንተ ሃይማኖት ላይ ቆማችሁ ቀራችሁ። እኔ ሹፌር ከመሆኔ በፊት ኮብልስቶን ጠራቢ ነበርኩ። ተቋራጩ የሁለት ወር ገንዘባችንን በልቶ ጠፋ። ዓይኔን ጠጠር መትቶት ሚሲዮን ክሊኒክ ሄጄ በነፃ ታከምኩ፤ እግዜር ይስጣቸው። ስለ ገንዘቤ ግን የጠየቀኝ የለም። «ፍትሕና ሰላም» የሚል ጽሑፍ ግድግዳው ላይ ነበር። ቁጭ ብዬ ሳነበው ነበር በደህናዋ ዓይኔ።

እታለም፦ በደህናዋ ዓይኔ! አይ አንተ።

መምህር፦ ይሄ ነው ዋናው ጥያቄ። ቤተ ክርስቲያኗ ስለ ሠራተኛ ትክክለኛ ደመወዝ ማስተማር የጀመረችው በጳጳሱ ሊዮን 13ኛ ዘመን፣ በ1891 ነው። እዚህ አገር ግን ሌላ ነገር አለ። አዋጅ ቁጥር 621/2001 (ይሄ በእኛ አቆጣጠር ነው) ከ10 በመቶ በላይ ገንዘቡን ከውጭ የሚያገኝ ድርጅት በመብት ጉዳይ እንዳይሠራ ከልክሎ ነበር። ጉድጓድ ቆፍር፣ ስለ ደመወዝ ግን አትናገር እንደማለት ነው። በውጭ ገንዘብ የሚሠራ የልማት ክንፍ ሁሉ ስንዴውና ክትባቱ ላይ ተወሰነ። አዋጁ በ2011 (ይሄም በእኛ) በቁጥር 1113 ተተካ፤ ክልከላው ተነሳ።

ባጃጅ፦ ጋሼ፣ ከተነሳ ስንት ዓመቱ ነው? አሁንስ ማን ያዛቸው?

መምህር፦ ልማድ ይመስለኛል። ፍርሃትም አለ። በመኖሪያ ፈቃድ ያለች ፈረንጅ ሲስተር ተቋራጭ ጋ ሄዳ ብትጮህ ነገ የት ትሆናለች? የሚጮኸው ያገሩ ካቶሊክ መሆን ነበረበት። እሱ ደግሞ እፍኝ ነው ተባለ።

የሽምብጥ ልጅ፦ እኛስ? ሰፈሩን የሞላነው ኦርቶዶክሶች ስለ ባጃጅ ገንዘብ ጮኸናል? በየደጀ ሰላሙ የምንመጸውት እኮ ብዙ ነን።

የዳጋ ዘመድ፦ እሱ እንኳ አመመኝ። ዝም ብል ይሻላል። ነርሷ፣ ያቺ ሴትዮ ግን እሁድ ሄደች?

ነርሷ፦ ሄደች። ሐሙስ ስትመለስ ነገረችኝ፣ ፋሻውን ልቀይር ስል። ቦታው ሞልቷል ብለው መልሰዋታል።