በጥቁር ለዲ4 የትኛውን ቅደም ተከተል ልያዝ?

ጠያቂ (ደብረ ማርቆስ)፦ ሰላም የቼዝ ወዳጆች! እዚህ ማርቆስ አብረውኝ የሚጫወቱት ልጆች ነጭ ሲይዙ በመጀመሪያ ከዲ4 (ወታደርን ወደ ዲ4 ከመግፋት) ሌላ አያውቁም። እኔ ዲ5፣ ከሲ4 በኋላ ኢ6፣ ከዚያ ፈረስ ኤፍ6 ነው የምለው። እነሱ ግን ዲ5 ላይ ወታደር ይለዋወጡና ቢሾፕ ጂ5፣ ፈረስ ኢ2 አድርገው፣ ኤፍ3ን ገፍተው በኢ4 መሀሉን ይወስዱብኛል። በፈረስ ኤፍ6 ልጀምር እንዴ?

ባሕር ዳር፦ ጀምር እንጂ! ፈረስ ኤፍ6፣ ሲ4፣ ኢ6። አሁን መወሰን ያለበት ነጭ ነው። ፈረሱን ሲ3 ካወጣ ቢሾፕህን ቢ4 ላይ ታሳርፋለህ፤ ኒምዞ ኢንዲያን (ባጭሩ ኒምዞ) የሚባለው አከፋፈት ነው። ኤፍ3 ካወጣው ደግሞ ዲ5 ብለህ ወደምታውቀው ትመለሳለህ፤ ፈረሱ ኤፍ3 ላይ ስላለ ያ የኢ2 ዕቅድ ቀረ ማለት ነው።

ፍኖተ ሰላም፦ ኒምዞ ሰፊ ነው፣ ብዙ ጥናት ይፈልጋል። እኔ ብሆን ዲ5ን አልተውም። ፈረስ ሲ3 ሲል ቢሾፕህን ኢ7 አውጣ፣ ፈረስህን አቆየው። ተለዋውጦ ወዲያው ቢሾፑን ጂ5 ቢያመጣ በነፃ ትበላዋለህ፣ ስለዚህ ኤፍ4 ላይ ነው የሚያወጣው።

ደጀን፦ ነጭ በኢ4 ሲጀምር ፍሬንች (በኢ6 የሚመልሰውን አከፋፈት) ትጫወታለህ? ከሆነ ለዲ4ም መጀመሪያ ኢ6 በል፤ ቀጥሎ ኢ4 ቢል ያው ፍሬንችህ ነው። ሲ4 ካለ ፈረስ ኤፍ6 ብለህ እዚያው ኒምዞ ትደርሳለህ፣ ከፈረስ ኤፍ6 በኋላ ነጭ በሁለተኛው እርምጃ ቢሾፕ ጂ5 የሚልበትን ትሮምፖውስኪንም ታመልጣለህ።

ጠያቂ፦ ፍሬንችማ የኔ ነው! ኢ6ን ቅዳሜ እሞክረዋለሁ፣ እግዜር ይስጥልኝ።